የአእምሮ ሕመምተኛና መድኃኒቱ

አንድ ሰው አእምሮውን በታመመ ጊዜ ጎረቤት ስለ እርሱ የሚናገራቸውን ግሦች ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁን? «ተያዘ፤ ታሰረ፤ ተወሰደ፤ ተወጋ» ይባላል። ስለ ግሥ በተማራችሁት መሠረት እነዚህ ሁሉ ተደራጊ ግሦች ናቸው። ሕመምተኛው ሲደረግበት እንጂ ሲያደርግ አይታይም። ምናልባት «መድኃኒቱን እምቢ አለ» የሚል ቃል ቢሰማ ሕመሙ ለመባሱ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠርበታል እንጂ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው አይገኝም። በዚህ ምንባብ የምንመለከተው ይህንኑ «ለምን» የተባለውን ጥያቄ ነው።

ነገሩን ከቅርብ እንጀምር። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ከወልድያ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ትገኛለች። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የዚህ አካባቢ ሰው አእምሮውን ሲታመም ከጠበልና ከዱዓ ሌላ ሕክምና ቢሻ ለብዙ ዘመን የሚጠብቀው ያ ረጅም መንገድ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷልና። ከ1979 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ግን የአእምሮ ሕክምና ነርሶች በዚያ እየሠለጠኑ ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች መላክ በመጀመራቸው መንገዱ እያጠረ መጣ። መድኃኒቱም ወደ ሕመምተኛው ቀረበ። ስለ መድኃኒቱ የሚሰጠው ማብራሪያ ግን በዚያው መጠን አልቀረበም።

ከመድኃኒቶቹ ሁሉ ቀዳሚው ክሎርፕሮማዚን ይባላል። መጀመሪያ የታሰበው ለአእምሮ ሕመም አልነበረም፤ አንሪ ላቦሪ የተባለ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ቀዶ ሐኪም ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውን ሰዎች ለማረጋጋት ነበር የሞከረው። እ.ኤ.አ. በ1952 ዣን ዴሌና ፒየር ዴኒከር የተባሉ ሐኪሞች በፓሪስ ሴንት አን ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን ሰጥተው ውጤቱን አሳወቁ። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ሲሰሙ የኖሩ ሰዎች ጸጥታ አገኙ፤ ተዘግቶባቸው ከነበሩት መካከልም ብዙዎች ወደየቤታቸው ተመለሱ። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ የመድኃኒቱን ጉዳት ስናነሣም ልንዘነጋው አይገባም።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ የሚሠራበት መንገድ ራሱ ችግር ያስከትላል። በአንጎላችን ውስጥ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ መልእክት ከሚያደርሱት ንጥረ ነገሮች አንዱ ዶፓሚን ነው። መድኃኒቱ የዶፓሚንን ሥራ በመግታት የሕመምተኛውን ቅዠት ያበርዳል። ነገር ግን እጅና እግራችንን በቅልጥፍና የምናንቀሳቅሰው በዚያው በዶፓሚን እርዳታ ነው። በመሆኑም አንዳንዱ ሕመምተኛ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ጡንቻው ይገተራል፤ ምራቁ ይዝረበረባል። ሌላው ደግሞ መቀመጥ ተስኖት ሲንቆራጠጥ ይውላል። ጎረቤት ይህን አይቶ «ሕመሙ ጠናበት» ይላል። እውነቱ ግን ይህ የመድኃኒቱ እንጂ የሕመሙ ሥራ አይደለም፤ መጠኑን በመቀነስ፣ መድኃኒቱን በመለወጥ ወይም ሌላ ክኒን በመጨመር ብዙ ጊዜ ሊቃለል ይችላል። ሐኪሙ ይህን ለማድረግ ግን ሕመምተኛው የሚሰማውን መናገር አለበት። በተለይ በየጥቂት ሳምንቱ የሚሰጠው መርፌ አንድ ጊዜ ከተወጋ ከሰውነት መልሶ ማውጣት ስለማይቻል ማብራሪያው መቅደም ይኖርበታል።

ሌላም ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ነገር አለ። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የምግብ ፍላጎትን እጅግ ይጨምራሉ። በቡታጅራ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ሕመምተኞችና አስታማሚዎች መድኃኒት የሚቋረጥበትን ምክንያት ሲጠየቁ መድኃኒቱ ለሚቀሰቅሰው ረሃብ የሚበቃ ምግብ አለመኖሩን ገልጸዋል። የ1966ንና የ1977ን ረሃብ ባየው በወሎ ይህን ምክንያት ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። በእንዲህ ያለ ቤት የሚኖረውን ሰው «እልኸኛ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሆኖም መድኃኒትን ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ ሕመሙ ተመልሶ ሊነሣ ይችላል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ባዳረሰ ጊዜ በዞኑ የሚገኙ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈው መድኃኒት ታጥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ የተቋረጠው በማንም ፈቃድ አልነበረም።

ሕጉን በተመለከተ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ማንኛውም ሰው ከጭካኔና ክብሩን ከሚያዋርድ አያያዝ እንዲጠበቅ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 25 የጤና ባለሙያዎች ሕክምና የሚሰጡት ታካሚው አውቆና ወዶ ሲስማማ መሆኑን ያመለክታል። ስምምነቱ የረጅም ጊዜ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውንም ይጨምራል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረትም የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ሕመምተኛው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ በተቃረበበት ሰዓት ግን ሐኪም ፈቃድ ሳይጠብቅ የሚረዳበት ጊዜ አለ። የአንድ ሌሊት አጣዳፊ ሁኔታ ግን የዓመታት ዝምታ ማስገደጃ ሊሆን አይገባም።

ከእናንተ መካከል ወንድሙን ወይም እናቱን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ይኖር ይሆናል። በብዙ ቤት ማንበብና መጻፍ የሚችለው ተማሪው ነውና። ከመሄዳችሁ በፊት ሕመምተኛው የሚነግራችሁን በወረቀት ጻፉ። «ኃይለኛ ሆኗል» የሚል ዐረፍተ ነገር ለሐኪሙ ብዙ አይነግረውም። «መርፌውን ከተወጋ በኋላ ሁለት ቀን መቀመጥ አቃተው፤ ሌሊትም አልተኛም» የሚለው ግን ይነግረዋል። ክኒኑ ለምን እንደሚሰጥ፣ ምን ዓይነት ጉዳት እንደሚያመጣና እስከ መቼ እንደሚወሰድ ሊጠይቅ የፈለገውንም ጨምሩበት። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ወረቀቱን በቅድሚያ ለራሱ ለሕመምተኛው አንብቡለት፤ ያልተስማማበት ቃል ካለ ሠርዙት።