የጠረፍ ምሽግና የውሃ ጉድጓዱ

ከሻኪሶ ተነሥቶ በክብረ መንግሥትና በዋደራ በኩል ወደ ነገሌ ቦረና የሚወርድ መንገደኛ፣ ደኑንና ወርቅ የሚታጠብባቸውን ወንዞች ወደ ኋላው ትቶ ቁጥቋጦና ግራር ከበዛበት ቆላ ሲገባ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከመቶ ዓመት በላይ ጦር አስፍሮ የጠበቀውን ጠረፍ መርገጡ ነው። በዚህ አገር የቆሙት ምሽጎች በድንጋይና በእንጨት ይሠሩ እንጂ ዕድላቸውን የወሰነው ውሃ ስለ ሆነ፣ የቆላውን ወታደር ኑሮ ለማወቅ የሚሻ ሁሉ ከግንቡ አስቀድሞ ጉድጓዱን መጠየቅ ይገባዋል።

በ1889 ዓ.ም. ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የዳግማዊ ምኒልክን ሠራዊት እየመሩ ቦረና በደረሱ ጊዜ፣ እንግሊዞች ከደቡብ በኩል ግዛታቸውን እያሰፉ ይመጡ ነበርና፣ ወሰኑ በ1900 ዓ.ም. በውል እስኪጸና ድረስ የመንግሥት ሥልጣን የሚታወቀው ጦሩ በሰፈረበት ስፍራ ነበር። በዚያ ዘመን የጦር ሰፈር ሲቆረቆር፣ ዙሪያውን ለመቃኘት የሚመች ኮረብታ ይመረጥና በአጥር ይከበባል፤ በመካከሉ የአዛዡ እልፍኝና ግምጃ ቤቱ ይሠራሉ፤ ወታደሩም በየአለቃው ዙሪያውን ይሰፍራል። ነገር ግን ለጥበቃ የሚበጅ ኮረብታ ለውሃ አይበጅምና፣ ውሃውን ከታች ወደ ላይ የሚያወጣ ትከሻ ያስፈልግ ነበር። ይህም ሸክም፣ እንጨት ከመልቀምና እህል ከመፍጨት ጋራ፣ ለወታደሩ በተመደበው በገባሩና በቤተ ሰቡ ላይ ወደቀ። ስለዚህ የምሽጉ ታሪክ በውስጡ ያደረው የወታደር ታሪክ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ሳይወድ የተሸከመው የገባርም ታሪክ ነው።

ምሽጎቹ ሳይታሰቡ በፊት ግን በዚህ ምድር የውሃ ሥርዓት ጸንቶ ይኖር ነበር። ዘጠኙ ቱላ በሚባለው ስም የታወቁት ኤላዎች፣ ማለት የቦረና የውሃ ጉድጓዶች፣ አንዳንዶቹ ሠላሳ ሜትር ያህል የሚጠልቁ፣ በሰው እጅ የተቆፈሩ ናቸው። ከብቱ ወደ ውሃው የሚቀርበው ወደ ምድር ውስጥ ተቆርጦ በተሠራ ረጅም ቁልቁለት ወርዶ ነው፤ በዚያም በጭቃ የተለሰነ ገንዳ ይጠብቀዋል። ከገንዳው በታች ባለው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ወጣቶቹ አንዱ ከአንዱ በላይ በየእርከኑ ይቆሙና፣ በማኅሌት ጊዜ ግራና ቀኝ ቆመው ዜማውን እንደሚቀባበሉ መዘምራን፣ ሙሉውን መቅጃ ወደ ላይ፣ ባዶውን ወደ ታች በዘፈን እየተቀባበሉ ውሃውን ያወጣሉ፤ ዘፈኑ ቢቋረጥ የእጁም ልክ ይፋለሳል። በበጋ ከብቱ በየሦስተኛው ቀን ይጠጣል፤ የማንኛው መንጋ ቀድሞ የማንኛው ተከትሎ እንደሚጠጣ የሚደነግገው አባ ሄሬጋ የሚባለው ሹም ነው። በእርሱ ትእዛዝ ባለ ብዙ ከብቱም ባለ ጥቂቱም ተራውን ይጠብቃል። በጠረፉ ላይ ከተተከሉት ሥርዓቶች ሁሉ ምሳሌ ሊሆን የሚገባው ይህ ነበር።

ዘመነ ጦርነት በመጣ ጊዜም ውሃ የውጊያው ባለ ድርሻ ሆነ። በጥር ወር 1928 ዓ.ም. የሲዳሞና የቦረና ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው በገናሌ ዶሪያ ወንዝ አካባቢ የወራሪውን የኢጣሊያ ጄኔራል የግራዚያኒን ጦር ሲገጥሙ፣ አውሮፕላንና መትረየስ ያደከመውን ሠራዊታቸውን ጥማትም አብሮ ፈጀው፤ ጠላትም ጥር 11 ቀን ነገሌን ያዘ። ራስ ደስታ ከዚያ በኋላ በአርበኝነት ሲዋጉ ቆይተው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሽስት እጅ ተገደሉ። ኢጣሊያኖች በሜጋ ተራራ ምሽግ ሠርተው ቢጠብቁም፣ ከእንግሊዝ ጎን የተሰለፈው የደቡብ አፍሪካ ጦር ውሃ አልባውን የሰሜን ኬንያ ምድር አቋርጦ፣ ከሦስት ቀን ውጊያ በኋላ የካቲት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ምሽጉን አስለቀቃቸው። በረሃውን በውሃ እጥረት ያለፈው ይህ ሠራዊት በሜጋ ያገኘው ብርድና ዝናብ ነበር፤ መንገዱም ጭቃ ሆኖ ግስጋሴውን ገታው። ወደ ሻኪሶ በሚወጣው መንገድ ላይም የጎልድ ኮስት (የዛሬዋ ጋና) ወታደሮች ዋደራን የያዙት ግንቦት 2 ቀን ነው።

የነገሌ የጦር ሰፈር ስም ግን በአገራችን ታሪክ ጎልቶ የተጻፈው ከጠላት ጋር በተደረገ ውጊያ አይደለም። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በዚያ የነበረው የ4ኛው ብርጌድ ተራ ወታደር የሚቀዳበት የውሃ መሳቢያ ተበላሸ፤ ምግቡም የከፋ ነበር፤ ከመኰንኖቹ ጉድጓድ ለመቅዳት ቢጠይቅ ተከለከለ። ወታደሮቹ አለቆቻቸውን ይዘው አቤቱታቸውን ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ላኩ፤ ነገሩን እንዲመረምሩ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም አግተው፣ እነርሱ ከሚበሉት እንዲበሉ፣ ከሚጠጡትም እንዲጠጡ አደረጓቸው። ዐመፁ ወደ ሌሎቹ የጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ ዓመቱም ሳይሞላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። አባ ሄሬጋ በየዕለቱ የሚጠብቀው ፍትሕ በአንድ የጦር ሰፈር ስለ ጐደለ የተከተለው ይህን ያህል ነው።

ሌሎች አሕዛብ እንዲህ ያሉትን ስፍራዎች ከፍርስራሽ አንሥተው ለትውልድ ማስተማሪያ አድርገዋቸዋል። በጀርመን አገር ሳልቡርግ የተባለው የሮማውያን የጠረፍ ምሽግ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1897 እስከ 1907 በንጉሠ ነገሥት ዊልሄልም ዳግማዊ ትእዛዝ በጥንት መሠረቱ ላይ እንደገና ታነጸ። ቆፋሪዎቹ በምሽጉ ውስጥና በዙሪያው ብዙ የውሃ ጉድጓዶች አግኝተዋል፤ በእርጥቡ ጭቃ ውስጥ ሳይበሰብሱ የቆዩት የቆዳ ጫማዎችና የእንጨት ዕቃዎች የወታደሩን የዕለት ኑሮ ከማናቸውም ጽሑፍ ይልቅ አብራርተው ነግረዋል። ዛሬ በልዩ በዓላት የጥንቱን ልብስ የለበሱ ሰዎች በዚያ እየተገኙ፣ ሰልፉን፣ ማብሰሉንና የእጅ ሥራውን በተግባር ያሳያሉ፤ ተመልካቹም የሰማውን በዓይኑ ያያል።

የእኛም ጠረፍ ይህን የመሰለ ማስተማሪያ ሊኖረው ይገባል፤ ለዚህም ሜጋም ነገሌም ያንሳሉ አይባሉም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቤት ሲሠራ ነጋሪቱንና ጠብመንጃውን ብቻ ቢያሳይ ግማሹን ይደብቃል። ውሃ ተሸክማ ዳገቱን የወጣችው የገባር ሚስት፣ ተራ የሚያስጠብቀው አባ ሄሬጋ፣ ከመኰንኖቹ ጉድጓድ የተከለከለው ወታደር፣ ሁሉም በየድርሻቸው ሊታዩበት ይገባል። የኤላው ሥርዓት እስከ ዛሬ የሚሠራበት ሕያው ነገር ስለ ሆነ፣ የሚያሳዩት የቦረና ሽማግሌዎች እነርሱው ናቸው፤ በ1966 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ጐልማሳ የነበረው ወታደር ግን ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታልና፣ ድንጋይ ከመጠረቡ በፊት የእርሱ ቃል ይጻፍ፤ ግንብ ዘግይቶ ሊሠራ ይችላል፣ የሟች ምስክርነት ግን አይገኝም።