ፑሽኪን የእኛ ነው? የአንድ ቅድመ አያትን ሥር በማስረጃ መፈለግ

አዲስ አበባ ሳር ቤት አካባቢ ፑሽኪን አደባባይ የሚባል ቦታ አለ። አስመራ ውስጥም ለዚሁ ሰው የቆመ መታሰቢያ አለ። ሞስኮ የተወለደ፣ ፒተርስበርግ የሞተ፣ በሩሲያኛ የጻፈ ገጣሚ እኛ ሰፈር ምን ያደርጋል? መልሱን ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፦ «ቅድመ አያቱ የእኛ ሰው ነበር»።

ይህን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ሰምቼ አንድም ቀን «በምን ይታወቃል?» ብዬ አልጠየቅኩም ነበር። ስለ አንድ የብረት ምሰሶ አቅም «ሰዎች ሲሉ ሰምቻለሁ» ብላችሁ ብትጽፉ የምህንድስና መምህራችሁ ወረቀቱን ይመልስላችኋል። ስለ ዘር ሐረግ ሲሆን ግን ሁላችንም እንለቀዋለን። እስቲ ዛሬ የፑሽኪንን ሐረግ እንደ አንድ ዲዛይን እንፈትሸው። ሐረጉ ከአፍሪካ ተነስቶ ሩሲያን፣ ስዊድንን፣ ጀርመንንና እንግሊዝን ስለሚያቋርጥ ለመማሪያ የሚሆን ጥሩ ምሳሌ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከታወቀው ወዳልታወቀው

የመጀመሪያው ሕግ ቀላል ነው፦ ከታዋቂው ቅድመ አያት ተነስታችሁ ወደ ታች አትውረዱ። በደንብ ከሚታወቀው ሰው ተነሱና አንድ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ውጡ። በየደረጃው «ይህ ልጅ የዚህች እናትና የዚህ አባት ልጅ ለመሆኑ ማስረጃው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሌክሳንደር ፑሽኪን በ1799 ሞስኮ ተወለደ። እናቱ ናዴዥዳ ጋኒባል ትባላለች። የናዴዥዳ አባት ኦሲፕ ጋኒባል ነው። የኦሲፕ አባት ደግሞ ከአፍሪካ የመጣው አብራም ጋኒባል ነው። አብራም ገና ልጅ ሳለ ተወስዶ በቁስጥንጥንያ በኩል ሩሲያ ገባ፤ ታላቁ ጴጥሮስም የክርስትና አባቱ ሆነ። በኋላ ፈረንሳይ ሄዶ ወታደራዊ ምህንድስና ተማረ፤ ስለ ጂኦሜትሪና ስለ ምሽግ ሥራ ጽፏል፤ በሩሲያ ጦር ውስጥም እስከ ጄኔራልነት ደረሰ። አዎ፣ ሰውየው መሐንዲስ ነበር!

ከአብራም እስከ ገጣሚው ያሉት ሦስት መገጣጠሚያዎች ጠንካራ ናቸው። ሰዎቹ የመንግሥት አገልጋዮችና ባለ ርስት ስለነበሩ የሹመት፣ የጋብቻ፣ የውርስና የክስ ወረቀት ትተዋል። የቤተሰብ ጠብ ለዘር አጥኚ ሀብት ነው፤ ክርክር ባለበት ሰነድ አይጠፋም። አብራም የመጀመሪያ ሚስቱን በሕግ ሳይፈታ በ1736 ሬቫል፣ በዛሬው ታሊን፣ ክሪስቲና ሬጊና ሾበርግን አገባ። የፍቺው ጉዳይ እስከ 1753 ተጎተተ። ኦሲፕ የተወለደው በመሃሉ፣ በ1744 ነው። ስለዚህ «በሕግ የማን ልጅ ነው?» እና «በሥጋ የማን ልጅ ነው?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች እንደሆኑ ልብ በሉ። መዝገብ የሚመልሰው በአብዛኛው የመጀመሪያውን ነው።

ክሪስቲና አባቷ ስዊድናዊ መኮንን፣ እናቷ ደግሞ ከባልቲክ ጀርመኖች ወገን ነበሩ። ስለዚህ ያቺው ፑሽኪንን ከአፍሪካ ጋር የምታገናኘው ሐረግ ከስዊድንና ከጀርመንም ጋር ታገናኘዋለች። እኛ ግን አንዱን ብቻ መርጠን እናወራለን።

ስምና ቀን የሚያሳስቱበት መንገድ

እኛ ሁለተኛ ስም ስናይ «የአባት ስም ነው» ብለን እንወስዳለን። የአብራም ሙሉ ስም አብራም ፔትሮቪች ነው፤ ትርጉሙም «የጴጥሮስ ልጅ»። አባቱ ግን ጴጥሮስ የሚባል አፍሪካዊ አልነበረም፤ ስሙ የመጣው ከክርስትና አባቱ ከንጉሡ ነው። «ጋኒባል»ንም ያወጣው በኋላ ነው፤ በወጣትነቱ «ፔትሮቭ» ይባል ነበር። ሩሲያኛ «ህ» የሚለውን የውጭ ድምፅ ብዙ ጊዜ በ«ግ» ስለሚጽፍ ሐኒባል ጋኒባል ሆነ። እንግዲህ በአንድ አጻጻፍ ብቻ የፈለገ ሰው ግማሹን ሰነድ አያገኘውም።

ቀንም እንደዚሁ ነው። ለኛ የሁለት ካላንደር ነገር አዲስ አይደለም፤ ልደታችንን በሁለት ቀን እየጻፍን ነው ያደግነው። ሩሲያ እስከ 1918 ድረስ በጁሊያን አቆጣጠር ትጠቀም ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ልዩነቱ 11 ቀን፣ በ19ኛው 12 ቀን ነበር። የፑሽኪን ልደት በሩሲያ መዝገብ ሜይ 26 ሲሆን በሌላው አውሮፓ ጁን 6 ነው። ሞቱም እዚያ ጃንዋሪ 29፣ እዚህ ፌብሯሪ 10፣ 1837 ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሁለት የተለያዩ ፑሽኪኖች ያገኘ ሊመስለው ይችላል።

ግን ሁሉም ልዩነት በካላንደር አይፈታም። አብራም ቪልኒየስ የተጠመቀው መቼ ነው? እዚያ ባለች ቤተ ክርስቲያን ላይ ያለው የመታሰቢያ ጽሑፍ 1705 ይላል። ገጣሚው ራሱ 1707 ብሎ ጽፏል። አብራም ደግሞ ከቁስጥንጥንያ ወደ ሩሲያ የሄደው በ1706 እንደሆነ ጽፏል። ሦስቱም አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። የራሱ የባለቤቱ ቃል እንኳን ሊሳሳት እንደሚችል ያዙልኝ።

ኢትዮጵያ ወይስ ካሜሩን?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። እዚህ ላይ እያንዳንዱን ሰነድ ሦስት ነገር እንጠይቀዋለን፦ ማን ጻፈው? ከድርጊቱ በኋላ ስንት ዓመት ቆይቶ? ምን ፈልጎ?

አንደኛው ሰነድ አብራም በ1742 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ያቀረበው ማመልከቻ ነው። አፍሪካ ውስጥ ከመኳንንት ወገን እንደተወለደ፣ ከተማው «ላጎን» እንደሚባልና አባቱም ሌሎች ሁለት ከተሞችን ያስተዳድር እንደነበር ይናገራል። ጸሐፊው ባለቤቱ ነው፤ ይህ ጥሩ ነው። ግን ከ35 ዓመት በኋላ፣ በልጅነት ትዝታ፣ የመኳንንት ማዕረግ ለማግኘት የተጻፈ ነው። ስለዚህ «መኳንንት» የሚለውን በጥንቃቄ እንይዛለን፤ የከተማውን ስም ግን የሚዋሽበት ምክንያት አይታይም። አንድ ነገር አስተውሉ፦ «ኢትዮጵያ» ወይም «አቢሲኒያ» የሚል ቃል እዚህ ማመልከቻ ላይ የለም።

«አቢሲኒያ» የሚለው የመጣው ከሁለተኛው ሰነድ ነው። በጀርመንኛ የተጻፈ፣ በአማቹ እንደተጻፈ የሚታመን፣ አብራም በ1781 ከሞተ በኋላ የተዘጋጀ የሕይወት ታሪክ ነው። ይኸው ጽሑፍ ቤተሰቡ ከጥንቱ የካርታጎ ጦር መሪ ከሐኒባል እንደሚወለድ ይጠቅሳል። እንዲህ ዓይነት ታላቅ ስም ሐረግ ውስጥ ድንገት ብቅ ሲል ቀይ መብራት መብራት አለበት። ገጣሚው ስለ ቅድመ አያቱ ሲጽፍ ይህን ጽሑፍ ተጠቅሟል፤ ሌሎች ደግሞ ገጣሚውን ጠቀሱ። ከአንድ ምንጭ የተቀዱ አሥር መጻሕፍት አሥር ማስረጃ አይደሉም። አንድ ማስረጃ ናቸው! አሥር መብራት ብትሰቅሉም ሁሉም በአንድ ፊውዝ ላይ ከሆነ ፊውዙ ሲቃጠል አሥሩም ይጠፋሉ።

በ1899 ዲሚትሪ አኑቺን የሚባል ሩሲያዊ ምሁር «ላጎን»ን በሐማሴን፣ በዛሬዋ ኤርትራ፣ ካለች ሎጎን ከምትባል ቦታ ጋር አያያዘ። እስከ ዛሬ የምንሰማው አባባል በአብዛኛው ከዚያ የወረደ ነው። ነገር ግን የአኑቺን ክርክር በዘመኑ የዘር ንድፈ ሐሳብ የተበከለ ነበር። እንዲህ ያለ ሊቅ ከሌላው ጥቁር አፍሪካዊ ይልቅ ከሐበሻ መወለዱ ይበልጥ ይታመናል የሚል ሐሳብ ነበረበት። ይህ የሚያኮራን ሳይሆን የሚያሳፍረን ምክንያት ነው። የምንኮራበት ነገር መሠረቱ የሌላውን ወንድማችንን መናቅ ከሆነ መሠረቱን መፈተሽ ይገባናል።

በ1996 ቤኒናዊው ምሁር ዲዩዶኔ ኛማንኩ ሌላ አማራጭ አቀረበ፦ በሰሜን ካሜሩን፣ ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ የምትገኘውን የኮቶኮ ሡልጣኔት ከተማ ሎጎን ቢርኒን። ከተማዋ የምር ከተማ ነበረች፤ ገዢም ነበራት። በአብራም አርማ ላይ ያሉትን «ፉሞ» ተብለው የሚነበቡ ፊደላትም የኮቶኮ ቃል ናቸው ይላል። ሌሎች ደግሞ የአንድ የላቲን ዓረፍተ ነገር ምህጻር ናቸው ብለው ይከራከራሉ። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች ወደ ካሜሩን ያዘነብላሉ፤ ክርክሩ ግን በአንድ ቁርጥ ያለ ሰነድ አልተዘጋም።

«ዲ.ኤን.ኤ. መመርመር ነው በቃ!»

ይህን ያላችሁ ትኖራላችሁ። ችግሩ ሦስቱ የዲ.ኤን.ኤ. ዓይነቶች የሚሄዱት በተለያየ መንገድ መሆኑ ነው። ዋይ ክሮሞሶም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይተላለፋል። የሚቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ከእናት ብቻ ይወረሳል። የቀረው ከሁለቱም እየተቀላቀለ ይመጣል።

የፑሽኪንን ሐረግ እንከተል። አብራም ዋይ ክሮሞሶሙን ለኦሲፕ ሰጠ። ኦሲፕ የወለደው ሴት ልጅ፣ ናዴዥዳን ስለሆነ መስመሩ እዚያ ላይ ተቆረጠ። ናዴዥዳ ለገጣሚው የሰጠችው የሚቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ደግሞ የእናቷ የማሪያ እንጂ የጋኒባሎች አይደለም። ማሪያ ራሷ ከፑሽኪን ቤተሰብ ነበረች፤ የገጣሚው እናትና አባት የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚጋባ ሰው 128 የሰባተኛ ትውልድ ቦታ አለው፤ ዘመዳሞች ሲጋቡ ግን አንዱ ሰው ሁለት ቦታ ይይዛል።

የቀረው ዲ.ኤን.ኤ. በየትውልዱ በግማሽ ይቀንሳል። ፑሽኪን ከአብራም የወረሰው በአማካይ አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 12.5 በመቶ ነው። ሴት ልጁ ናታሊያ የናሳውን ልዑል ኒኮላውስ ቪልሄልምን አገባች። ልጃቸው ሶፊ የሩሲያውን ታላቅ መስፍን ሚካኤልን አገባች። የእነሱ ልጅ ናዴዥዳ፣ በቤት ስሟ ናዳ፣ በ1916 ለንደን ላይ የባተንበርጉን ልዑል ጆርጅን አገባች። ናዳ ላይ ስንደርስ የአብራም ድርሻ አንድ ስልሳ አራተኛ፣ 1.6 በመቶ ገደማ ነው። ጥቂት ትውልድ ሲጨመር ከአንዳንድ ልጆች ላይ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። «ዲ.ኤን.ኤው ላይ አልታየም» ማለት «ዘሩ አይደለም» ማለት አይደለም።

በነገራችን ላይ ጆርጅ የልዑል ፊሊፕ አጎት ነው። «የእንግሊዝ ንጉሥ የፑሽኪን ዘር ነው» የሚለው ወሬ ከዚህ ሳይመጣ አልቀረም። የፑሽኪን ዘሮች ግን የጆርጅና የናዳ ልጆች ናቸው። ፊሊፕ የአጎቱ ሚስት ደም የለበትም፤ በጋብቻ ዘመድ መሆንና መወለድ ይለያያሉ።

ዲ.ኤን.ኤ. የሚሠራው መስመሩ ሲገጥም ነው። በየካተሪንበርግ አቅራቢያ የተገኘው አፅም የሩሲያ ንግሥት አሌክሳንድራና የልጆቿ መሆኑን ለማረጋገጥ በ1990ዎቹ የፊሊፕ ደም ተወስዶ ነበር። የእናቱ እናት የአሌክሳንድራ እህት ስለነበረች መስመሩ ሳይቆረጥ በሴት በሴት ይሄዳል፤ ውጤቱም ገጠመ። ሌስተር በመኪና ማቆሚያ ሥር በ2012 የተገኘው የንጉሥ ሪቻርድ ሣልሳዊ አፅም ላይም በእናት በኩል ያለው ገጠመ። በአባት በኩል ግን ከአንድ የንጉሡ ቅድመ አያት እንደሚወለዱ በመዝገብ የታወቁ አምስት ወንዶች ተመርምረው አንዱም ከንጉሡ ጋር አልገጠመም። እንዲያውም አንዱ ከአራቱም ተለየ። መዝገቡ አባት ያለው ሰው በየመሃሉ አባት አልነበረም ማለት ነው።

ስሌቱ ምን ይላል?

እያንዳንዱ መገጣጠሚያ 95 በመቶ አስተማማኝ ነው እንበል። ከአብራም እስከ ናዳ ስድስት መገጣጠሚያ አለ። 0.95ን ስድስት ጊዜ ብናባዛው 0.735 ገደማ ይመጣል። አንዱ ብቻውን ጥሩ የሚመስል ቁጥር ሲደራረብ ከአራት አንዱን ዕድል ለስህተት ይተዋል። እያንዳንዱን ወደ 99 በመቶ ብታደርሱት ግን ሙሉው ሐረግ 94 በመቶ ይሆናል። ለዚህ ነው ዘር አጥኚ ረጅም ሐረግ ከመዘርጋት ይልቅ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በማጥበቅ ጊዜውን የሚያጠፋው።

እንግዲህ ፑሽኪን የእኛ ነው? በማስረጃ የቆመው ይህ ነው፦ ፑሽኪን አፍሪካዊ ቅድመ አያት ነበረው። ይህ ጥርጥር የለውም፤ እሱም አልደበቀውም፣ ኮርቶበታል። «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል ግን ባለቤቱ ያልጻፈው፣ ከሞቱ በኋላ የመጣ ነው። አደባባዩ ስሙን ይያዝ፤ እኛ ደግሞ ስንናገር «አፍሪካዊ» እንበል። ትልቁም እውነተኛውም ቃል እሱ ነው።

የራሳችሁንስ? ዛሬ ማታ አያታችሁ አጠገብ ተቀመጡና የእናታቸውን እናት ስም ጠይቁ። አባት አባቱን ቆጥረን ሴቶቹን ስለምንረሳ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። ከስሙ ጎን ማን እንደነገራችሁና መቼ እንደነገራችሁ ጻፉ። ከዚያ ሌላ ቦታ ያደጉ አንድ ዘመድ ፈልጉና ያንኑ ጥያቄ፣ መልሱን ሳትነግሯቸው፣ ጠይቁ።