የነቀዝ መርዝ ከጎተራ አልፎ ከቤተሰብ እንዳይደርስ

የምዕራብ ጎጃም ገበሬ በቆሎውን ሰብስቦ፣ አድርቆና ፈልፍሎ ከከተተ በኋላ ነቀዝ የሚባል ሌላ ጠላት ይጠብቀዋል። በመኸር ወራት የእህል ዋጋ ይወርዳል፤ ክረምቱ ሲቃረብ ይወጣል። እህሉን እስከዚያ ማቆየት የቻለ ገበሬ የድካሙን ዋጋ ያገኛል። ነቀዝ ያስቸገረው ግን ገና በጥር ለነጋዴ በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳል። ከዱርቤቴ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ድረስ ባለው በቆሎ አብቃይ አገር ገበሬው የነቀዝ መድኃኒት የሚፈልገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከገበያው ላይ ነው። በገጠር ገበያዎች ከውጭ አገር የመጣ መርዝ ከሌላው ሸቀጥ ጎን ተዘርግቶ ይሸጣል። እንክብሉ ከቆርቆሮው ወጥቶ በፍሬ ይቸረቸራል፤ ዱቄቱ በወረቀት ይጠቀለላል። በማሸጊያው ላይ የታተመው ማስጠንቀቂያ ከሻጩ ዘንድ ሲቀር፣ ገበሬው ይዞ የሚሄደው ነቀዝ ይገድላል የሚለውን ቃል ብቻ ነው።

በፍሬ ከሚሸጡት አንዱ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። እንክብሉ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ሦስት ግራም የሚመዝን አንድ እንክብል አንድ ግራም ያህል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ነቀዝን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ከብትንም ይገድላል፤ ማርከሻም የለውም። መርዙ የተሠራው አየር በማያስወጣ መጋዘን፣ ማንም ሰው በማያድርበት ስፍራ፣ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ እንዲሠራበት ነው።

የገበሬው ጎተራ ግን በጭቃና በእበት የተለሰነ ነው፤ ጎታውም የሚቆመው ቤተሰቡ ከሚተኛበት ቤት ውስጥ ነው። ጋዙ በየስንጥቁ ሾልኮ ስለሚወጣ ሁለት ጉዳት ይደርሳል። አንደኛ፣ ቤተሰቡ ሌሊቱን መርዝ ሲተነፍስ ያድራል። ሁለተኛ፣ በእህሉ ውስጥ የሚቀረው ጋዝ ስለሚያንስ ነቀዙ በሙሉ አይሞትም፤ የተረፈውም መርዙን እየለመደ ይራባል። ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት የእንክብሉን ቁጥር ሲጨምር አደጋውም አብሮ ይጨምራል። ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ የደረት መጨነቅ ወይም የትንፋሽ ማጠር የታየበት ሰው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት።

ለወባ መከላከያ በአዳሚ ቱሉ ፋብሪካ ይቀነባበር የነበረው ዲዲቲም ከታሰበለት ሥራ ውጪ ለእህልና ለእርሻ ሲውል ቆይቷል። ዲዲቲ በአፈርና በሰውነት ስብ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች በእናት ጡትና በላም ወተት ውስጥ ዲዲቲ መገኘቱን አመልክቷል። አገሪቱ ጊዜ ያለፈበትን ጸረ ተባይ ለማስወገድም ብዙ ደክማለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2003 ባሉት ዓመታት 1,500 ቶን ያህሉ ተሰብስቦ እንዲቃጠል እስከ ፊንላንድ ድረስ ተጓጉዟል።

አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ጸረ ተባይ ወደ አገር እንዳይገባና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሆኖም አዋጁ ከየመንደሩ የሚደርሰው የገበሬው መሪዎች ሲያደርሱት ነው። ሊሠሩት የሚችሉትም ሥራ ቀላል ነው።

በመጀመሪያ፣ እህሉ በሚገባ ደርቆ እንዲከተት፣ ጎታው ተጠርጎ አሮጌው እህል ከአዲሱ እንዳይቀላቀል ማስተማር ያስፈልጋል።

ቀጥሎም፣ ፒክስ የተባለውን አየር የማያስገባ ከረጢት በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል በጅምላ ማስመጣት ይቻላል። ከረጢቱ ከውስጥ ሁለት የላስቲክ ሽፋን አለው። አፉ ተጠብቆ ሲታሰር ነቀዙ በውስጡ ያለውን አየር ይጨርስና ያለ አንዳች መርዝ ይሞታል። አይጥ እንዳይበሳው ግን መጠበቅ ይገባል።

ሦስተኛ፣ የመርዝ ዕቃ የነበረ ጀሪካን ወይም ጠርሙስ ቢታጠብም ለውኃ፣ ለጠላና ለዘይት እንዳይውል፣ ተበስቶ ከጥቅም ውጪ እንዲሆን መወሰን ነው።

በመጨረሻም፣ ትምህርቱ በወንዶች ስብሰባ ብቻ እንዳይቀር ያስፈልጋል። በየዕለቱ ጎታውን ከፍታ እህል የምትቀዳው፣ ከጎኑም ልጆቿን የምታስተኛው የቤት እመቤቷ ናት። ባሏ ምን መርዝ እንደጨመረበት ሳታውቅ ማደር የለባትም።

አበው «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» እንዳሉት፣ ነቀዝ የበላው እህል በሚቀጥለው መኸር ይተካል፤ በመርዝ የጠፋ ሕይወት ግን አይተካም። የዘንድሮው በቆሎ ከጎታ ከመግባቱ በፊት በየቀበሌው ስብሰባ ሊነሣ የሚገባው አንድ ጉዳይ ይኸው ነው።