እንቅልፍ ስንፍና ነውን?

ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ተኙ? ልጆቹን አብልተው፣ ዕቃውን አጥበው፣ የነገውን ሊጥ አቡክተው ጎንዎን ሲያሳርፉ እኩለ ሌሊት ከደረሰ፣ ዶሮ ሲጮህ ደግሞ ከተነሡ ይህ ጽሑፍ የእርስዎ ነው። በአገራችን አርፍዳ የተነሣች ሴት «እንቅልፋም» ትባላለች። ወንዱን እንዲህ የሚለው ሰው ግን እምብዛም አይገኝም።

እስቲ ወደ ራያ ቆላ፣ ወደ ቆቦ እንውረድ። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ስትሆን፣ ዙሪያዋ የማሽላ አገር ነው። ማሽላው ሲያሽት የግሪሳ ወፍ ጠላቱ ነው። ወፎቹ በመንጋ ተኝተው ያድሩና ጎሕ ሲቀድ ማሳውን ይወርሩታል። ወንጭፍ ይዞ የሚጠብቀው ልጅ እንግዲህ ከወፎቹ ቀድሞ መነሣት አለበት። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ ቢያንቀላፋ ይፈረድበታልን?

እንስሳትም ይተኛሉ፤ መጠኑ ግን ይለያያል። ላም በ24 ሰዓት ውስጥ አጥብቃ የምትተኛው ለ4 ሰዓት ያህል ነው፤ አህያ 3 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ሣር ኃይሉ አነስተኛ በመሆኑ ሲግጡ መዋል አለባቸው፤ አውሬም ይፈራሉ። ላም የጎደላትን እያመሰኳች በማሸለብ ታካክሳለች። ሥጋ በሏ ድመት ግን የቀኑን እኩሌታ ትተኛለች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ እንዳይተኙ የተደረጉ አይጦች አብዝተው እየበሉም ከስተው በሳምንታት ውስጥ ሞተዋል።

ሰው ሲተኛ አንጎሉ ሥራ አይፈታም፤ ቀን የተማረውን የሚያጸናው ያን ጊዜ ነው። የልጆች የዕድገት ሆርሞንም በብዛት የሚመነጨው በከባዱ እንቅልፍ ወቅት ነው። ስለዚህም ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ አዋቂ ደግሞ ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት ይገባዋል።

ለቆላ እናት ይህ ቀላል አይደለም። እንቅልፍ እንዲመጣ ሰውነት ጥቂት መቀዝቀዝ አለበት፤ ቤቱ እንደ ምድጃ ሲግል ልጁ ሲገላበጥ ያድራል። መኝታን ወደ ግቢ ማውጣት ደግ ነው። ነገር ግን የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና አጎበሩም አብሮ መውጣት አለበት። በእንጨት ወይም በገመድ ወጥረው ጠርዙን ከፍራሹ ሥር ያስገቡ። አጎበሩን ቤት ትቶ ደጅ ማደር ከሙቀት ሸሽቶ ወባን መጥራት ነው።

ከተማ ያሉት እናቶች ደግሞ ቡናን ያስተውሉ። ከቀኑ 10 ሰዓት ከጠጡት ቡና የማነቃቂያው ቅመም ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ግማሽ ያህሉ ገና በሰውነትዎ ውስጥ ነው። የእጅ ስልክና ቴሌቪዥን ሲጨመሩበት እንቅልፍ ከየት ይምጣ?

ጡት ለምታጠባ እናት ሌሊቱ የተቆራረጠ ነው። ሕፃኑ ቀን ሲተኛ አብራ ጋደም ትበል፤ ልብሱ ቆይቶ ይታጠባል። ሌሊትም ጠብቶ ሲያበቃ ማስገሳቱንና መልሶ ማስተኛቱን አባት ይቻለዋል፤ ለዚህ ጡት አያስፈልግም። ቁርሱን አንድ ማለዳ እሱ ቢያሰናዳ፣ ጎረቤት «እንቅልፋም» ቢልዎትም አንድ ሰዓት አትርፈዋል።