ንግድ የሚጀምር ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው ስለሚገባ ሕግ፤ የሕግ አማካሪም ስለሚገኝበት መንገድ

በባሌ ደጋ በሮቤና በጎባ ዙሪያ ስንዴና ገብስ፣ በሐረና ጫካ በኩል በአንገቱና በደሎ መና ቡናና ማር እንደሚገኝ ከክቡራን ሹማምንት የተሰወረ አይደለም። ይህንን ገዝቶ ለመሸጥ ወይም ወፍጮና የቡና መፈልፈያ ለማቆም ያሰበ ሰው ምክር ፍለጋ አስቀድሞ የሚመጣው ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ነውና፣ የሚመልስለት ሹም ነገሩን ጠንቅቆ ሊያውቅ ይገባዋል።

በቀድሞው ዘመን የነጋዴን ጉዳይ የሚያየው ነጋድራሱ ነበረ። ዛሬ ግን የንግድ ምዝገባና ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ነው፤ ፈቃዱም በየዓመቱ ይታደሳል። ቡና ለሚነግድ ሰው ደግሞ ይህ ብቻ አይበቃውም፤ በአዋጅ ቁጥር 1051/2009 የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በመሬቱ ነው። የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31/1967 የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ መሬትን መሸጥም መግዛትም አይቻልም። እንግዲህ አንድ ሰው ለመፈልፈያው ቦታ ከገበሬ «ገዛሁ» ብሎ ገንዘቡን ቢከፍል፣ በእጁ ያለው ወረቀት በፍርድ ቤት አይረዳውም፤ ገንዘቡም ብርቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ኪራይ ግን የተፈቀደ ነው፤ ይህም ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ሲመዘገብ ነው። በሐረና በኩል ይልቁንም ቦታው ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወሰን ውስጥ አለመግባቱ፣ ከመንግሥት ደንም አለመሆኑ ይመርመር። ይህ ምርመራ ማሽኑ ተገዝቶ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከመገዛቱ በፊት ይደረግ።

ሁለተኛው ጉዳይ ዕዳ ነው። በግል ስሙ የሚነግድ ሰው ቢከስር ባለ ገንዘቦቹ ከሱቁ አልፈው ቤቱንና ከብቱን ሊይዙበት ይችላሉ። ስለዚህ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይሻላል፤ በአዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 አንድ ሰው ብቻውንም እንዲያቋቁም ተፈቅዷል። ዝቅተኛው ዋና ገንዘብ 15,000 ብር ነው። ወዳጅ ለወዳጅ ዋስ በሚሆንበት በአገራችን ልማድ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የዋስትናው ከፍተኛ ልክ በገንዘብ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ማለቱ መልካም ጥበቃ ነው። በጽሑፍ የሚደረግ ውልም የሁለት ምስክሮች ፊርማ ይፈልጋል። ፈራሚው የሚያውቀው ኦሮምኛ ብቻ ከሆነ ቃሉ በኦሮምኛ ይነበብለት።

የሕግ አማካሪን በተመለከተ፣ በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፍ ሁሉ ጠበቃ አይደለም። ጠበቃ የጥብቅና ፈቃድ ያለው ነው፤ ፈቃዱን አሳየኝ ማለትም ነውር የለበትም። ዋጋው ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይወሰን። ሹሙም ባለ ጉዳዩን ወደ ዘመዱ ወይም ወደ ወዳጁ ጠበቃ ብቻ ከመምራት ይጠበቅ፤ የሁለት የሦስቱን ስም ነግሮ ምርጫውን ለእርሱ ይተውለት። የጠበቃ ዋጋ መክፈል የማይችለውን ግን በሮቤ በሚገኘው በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ ምክር እንዲጠይቅ አስታውቆ ይስደደው።