ቁልፍና አማና
ለደኅንነት ሙያ የሚዘጋጅ ወጣት ከየት ይጀምር?



እዚህ ደብረ ታቦር አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ «ኡስታዝ፣ የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያ መሆን እፈልጋለሁ። ግን ቤታችን ኮምፒውተር የለም። አባቴም ‹ይህ የሌባ ሙያ ነው› ይለኛል» አለኝ። ጥያቄው ሁለት ስለሆነ መልሱም ሁለት ነው።

በቅድሚያ የኮምፒውተሩን ነገር እንመልከት። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ይኖር የነበረው ሙስሊም ሊቅ አል-ኪንዲ የምስጢር ጽሑፍ የሚፈታበትን ዘዴ የጻፈው በብዕርና በወረቀት ነበር። በየቋንቋው አንዳንድ ፊደሎች ከሌሎቹ ይበዛሉ። በምስጢሩ ውስጥ የበዛውን ምልክት ቆጥሮ ከእነዚያ ጋር ማስተያየት ነው። መድረሳ የምትቀሩ ልጆች ሞክሩት። ከዐረብኛ መማሪያችሁ ሁለት ገጽ ብትቆጥሩ አሊፍና ላም በብዛት ቀድመው ታገኟቸዋላችሁ። ከዚያ አንዳችሁ ፊደሎቹን እያለዋወጠ ረዘም ያለ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ሌላው ቆጥሮ ይፍታው።

ቀጥሎ ሒሳብ ነው። ባለ4 አሐዝ የምስጢር ቁጥር 10,000 ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ባለ6 አሐዝ ግን 1,000,000። የልደት ዓመቱን ቁልፍ ያደረገ ሰው ግን ምርጫውን ከመቶ በታች አወረደው። ይህን ያሰላ ልጅ የቁልፍ ጥንካሬ ምን እንደሆነ ገብቶታል።

ኮምፒውተር ሲገኝ፣ ለአራት ተካፍሎም ቢሆን፣ በነፃ የሚገኘውን ሊነክስ መጫን፣ በፓይተን ትንንሽ ፕሮግራም መጻፍ፣ መልእክት ከማሽን ወደ ማሽን እንዴት እንደሚሄድ መመርመር ይከተላል። የተሳካውንም ያልተሳካውንም በደብተር መዝግቡ። ሙያ በእጅ እንደሚገባ አገራችን ታውቃለች። በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዐፄ ቴዎድሮስ እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ መድፍ ሲያሠሩ ወጣቶች ከአውሮፓውያን ባለሙያዎች ጎን ሆነው ሙያውን ይማሩ ነበር።

ወደ አባትየው ሥጋት እንምጣ። ቁልፍ ሠሪ ቁልፍ እንዴት እንደሚከፈት ማወቅ ግድ ይለዋል። ከሌባ የሚለየው በባለቤቱ ፈቃድ መሥራቱ ነው። በሱረቱ ኑር ሳናስፈቅድ ወደ ሰው ቤት እንዳንገባ ታዘናል፤ የሰው ስልክና ኮምፒውተርም እንደ ቤቱ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958ም ያለ ፈቃድ የገባን ይቀጣል። ስለዚህ ልምምዱ በራስ ማሽን ብቻ ይሁን። በቀናው መንገድ ለሄደ ባንኩም፣ ቴሌኮሙም፣ የመረጃ መረብ ደኅንነት አስተዳደርም ይህን ሙያ ይፈልጋሉ።

ለዚያ ተማሪ የመጀመሪያ ሥራ የሰጠሁት ከእናቱ ጋር ነው። «ከባንክ ነው የምንደውለው» ብሎ የምስጢር ቁጥር ለሚጠይቃት ሰው እንዳትሰጥ ያስረዳት፤ ቁጥሯንም ራሷ ትቀይር፣ እሱ እንኳ አይየው። አባት ይህን ሲያይ ልጁ ለየትኛው ወገን እንደቆመ ይረዳል፣ ኢንሻአላህ።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ያላቸው አማና ጠባቂዎች ያድርግልን። አሚን።