አጋምንና ምረንዝን እንለይ

በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ የገበሬው ጓሮ እንሰት ነው። እንሰት ድርቅን ችሎ ቤተ ሰብ የሚያኖር ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ቆጮ ኃይል ሰጪ ምግብ እንጂ ገንቢም፣ በሽታ ተከላካይም አይደለም። እናቶች ቆጮን ከጎመንና ከአይብ ጋር የሚያቀርቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ቅጠላ ቅጠልና ፍራፍሬ የማያገኝ ልጅ ቫይታሚን ኤ ያንሰዋል። ሲመሽ ማየት ይሳነዋል። ዳፍንት የምንለው ይህ ነው።

ታዲያ የጓሮ ጎመን ሲያልቅ ምን ይደረጋል? አጥሩንና ዳገቱን መመልከት ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በአገራችን ሰው የሚመገባቸው 413 ዓይነት የዱር ዕፅዋት እንዳሉ ቆጥሯል። አገራችን ጉራጌ ደግሞ ከዋቤ ወንዝ ቆላማ ዳር ተነሥቶ ዘቢዳር ተራራ ድረስ ይወጣል። የዘቢዳር ጫፍ ከ3,500 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ቆላውም ወይና ደጋውም ደጋውም የየራሱ ፍሬ አለው። በወንዝ ዳር ዶቅማና ሾላ አለ። በቁጥቋጦው እንጆሪ፣ ኮሽም፣ ቀጋና አጋም ይገኛል። የቀጋ ፍሬ ሲበላ ውስጡ ያለው ፀጉራም ዘር መውጣት አለበት፤ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ሾላም ተከፍቶ ይታይ፤ ውስጡ ትንንሽ ነፍሳት አይጠፉም።

«ይህ የእረኛ ምግብ ነው» ብሎ የሚንቅ ሰው አለ። ንቀቱ ትክክል አይደለም። እኛ ተማሪዎች ከመጽሐፍ ያገኘነውን እረኛው ልጅ በእጁ ለቅሞ ያውቀዋል። ሳማም ቢሆን በብዙ የአገራችን ደጋ ወጥ ሆኖ ይበላል። ለጋ ቅጠሉ በጨርቅ ተይዞ ይቆረጣል፤ ታጥቦ ይቀቀላል። ሲቀቀል መለብለቡ ይጠፋል እኮ! አሉማም እንዲሁ ነው። ለጋው ይቀቀልና የመጀመሪያው ውኃ ይደፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አጋምን የሚመስል ምረንዝ የሚባል ቁጥቋጦ አለ። ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ናቸው። ሁለቱም ሲቆረጡ ነጭ ወተት ያወጣሉ። የሁለቱም አበባ ይሸታል፤ የሁለቱም ፍሬ ሲበስል ይጠቁራል። ምረንዝ ግን የልብን አመታት የሚያዛባ ኃይለኛ መርዝ አለው። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች የቀስታቸውን ጫፍ በእሱ ይመርዙ ነበር።

እንግዲህ በምን እንለያቸው? ፊደል ስንማር ሰ እና በ አስቸግረውን ነበር። ሁለቱም ሁለት እግር አላቸው፤ የሚለዩት በራሳቸው ነው። አጋምና ምረንዝ ደግሞ የሚለዩት በእሾህ ነው። አጋም በቅርንጫፉ ላይ ጠንካራ እሾህ አለው። ምረንዝ እሾህ የለውም። ቅጠሉም ወፈር ያለ ነው፤ ፍሬውም ከአጋም ይተልቃል። አባቶችና እናቶች፣ ልጆቹን ቁጥቋጦው ድረስ ወስዳችሁ እሾሁን በእጃቸው አስነኩ። በቃል ብቻ «አትብላ» ማለት አይበቃም፤ ልጅ ሲርበው ይረሳዋል። አንዳንድ ቦታ በደንብ የበሰለውን የምረንዝ ፍሬ የሚበሉ አሉ። እኔ ግን አልመክርም። ጥሬውና ዘሩ ይገድላል፤ የበሰለውንና ያልበሰለውን ደግሞ ልጅ አይለይም።

ከቅጠል በኩል የሚያሰጋው አስተናግር ነው። እሱም እንደ አሉማ ቆሻሻ በሚደፋበትና በከብት በረት አጠገብ ይበቅላል። አበባው ረጅም ነጭ መለከት ይመስላል፤ ፍሬው ክብ ሆኖ በእሾህ የተሸፈነ ነው። ገና ለጋ ሳለ ግን አበባም ፍሬም የለውም፤ ከአሉማ ጋር አብሮ ሊለቀም ይችላል። የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ይቀባዥራል። ሰው «ጋኔን ያዘው» ይላል፤ ነገሩ ግን መርዝ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ጊዜ አይባክን። በጣት ጉሮሮ እየነኩ ማስመለስ አይገባም። የተበላውን ቅጠል ወይም ፍሬ ቀንጥቦ ይዞ፣ ሰውየውን ተሸክሞ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ቅጠሉን ያየ ሐኪም ምን እንደተበላ ቶሎ ያውቃል።

ሌላም አለ። የተባይ መድኃኒት ከተረጨበት የበርበሬ ማሳ ዳር ቅጠል አይለቀም። እንጆሪም ሲለቀም ቅርንጫፉ አይሰበር፤ ከርሞም ይፈለጋል።

አጋምንና ኮሽምን ደግሞ ከዱር ብቻ መጠበቅ የለብንም። ሁለቱም እሾሃም ስለ ሆኑ ለእንሰት ጓሮ ጥሩ አጥር ይሆናሉ፤ ከብት አያልፋቸውም። የበሰለው ፍሬ ይጨመቅና ዘሩ ታጥቦ በችግኝ መደብ ላይ ይዘራል። ችግኙ ሲጠነክር ክረምቱ ሲገባ በአጥሩ መስመር ቀረብ ቀረብ ተደርጎ ይተከላል። እስኪያድግ ድረስ ከፍየል መጠበቅ አለበት።